‹ድራይቭ ማይ ካር›ን ስታዩ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ልብ በሉ

ፊልም ውስጥ ስላለ ብዝኀነት ወሬ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራ ላይ ይቀራል። ስንት ሴት አለ? ስንት የውጭ ዜጋ አለ? አካል ጉዳተኛ አለ ወይስ የለም? እኔም እንደዛ ነበር የማየው። ከዚያ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የሪዩሱኬ ሃማጉቺን ‹ድራይቭ ማይ ካር› አየሁና ቆጠራው አልበቃኝ አለ። አንድ ሰው ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ሌሎቹ ቋንቋውን ባይችሉ እንኳ ዝም ብለው እስኪጨርስ ሲጠብቁት ግን ነገሩ ይለያል። የዚህ ፊልም ትልቁ ነገር እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ፊልሙን ስታዩ ጎን ለጎን እንድትጠቀሙበት ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አወራለሁ። ቀድማችሁ ማወቅ የማትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓት አመቻቹ፣ ድምፁን አትቀይሩ

ፊልሙ 179 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። የሠሪዎቹ ስም ስክሪኑ ላይ የሚወጣው 40 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እዚያ ጋ ስደርስ «እንዴ፣ ገና አሁን ነው እንዴ የሚጀምረው?» ብያለሁ። ለሁለት ከፍላችሁ ማየት ካማራችሁ የምታቆሙት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቶኪዮ ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። እኛ የምንፈልገው ነገር በደንብ የሚመጣው መኪናዋ ሂሮሺማ ከገባች በኋላ ነው።

ድምፁ በሌላ ቋንቋ የተተካበትን ቅጂ በፍጹም አትዩ። ሰብታይትል ያለውን ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት ሰብታይትል ሁሉንም ንግግር በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ስለሚያወጣው ማን በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ ግማሹ አመለጠኝ። ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ተተክሎ ጆሮዬ ሥራ ፈታ። ሁለተኛ ጊዜ ሳይ አንድ ነገር ሞከርኩ፤ እናንተም ሞክሩት። ተዋንያኑ የሚመረጡበት የኦዲሽኑ ክፍል ላይ ስትደርሱ ሰብታይትሉን ለጥቂት ደቂቃ አጥፉና ዝም ብላችሁ ስሙ። ጃፓንኛው ሲቆም ማንዳሪን (ቻይንኛ) ይገባል፣ እሱ ሲቆም ሌላ። ከዚያ አንዲት ሴት ትመጣና ምንም ድምፅ የለም። ያኔ ዓይናችሁ ከታች ካለው ጽሑፍ ወጥቶ ወደ እጆቿ ይሄዳል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካፉኩ የቴአትር ተዋናይና አዘጋጅ ነው። ሚስቱ ኦቶ በድንገት ትሞታለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሂሮሺማ ላይ በሚደረግ የቴአትር ፌስቲቫል የቼኾቭን ‹አጎቴ ቫኒያ› እንዲያዘጋጅ ይጠራል። ተዋንያኑ ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ይጫወታል፣ ለተመልካቹ ደግሞ ትርጉሙ መድረኩ ላይ ባለ ስክሪን ይታያል። ፌስቲቫሉ ካፉኩ መኪናውን ራሱ እንዲነዳ ስለማይፈቅድ ሚሳኪ የምትባል የ23 ዓመት ሾፌር ይመድብለታል።

ፊልሙ የተሠራው ከሃሩኪ ሙራካሚ አጭር ልቦለድ ነው። ልቦለዱ ውስጥ ካፉኩም፣ ሚሳኪም፣ የስዊድኗ ሳአብ መኪናም አሉ (እዚያ ላይ ቢጫ ናት፣ ፊልሙ ላይ ቀይ ሆናለች)። የብዙ ቋንቋው ቴአትር ግን የለም። እሱን ያመጣው ሃማጉቺ ነው፣ ስክሪፕቱን አብሮት ከጻፈው ከታካማሳ ኦኤ ጋር። ይህን ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች እዚያ የተገኙት ተፈልገው ነው። መጀመሪያ እንዲያውም ቀረጻው ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ ሊሆን ታስቦ ነበር፣ ኮቪድ መጣና ወደ ሂሮሺማ ዞረ። በ2021 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በስክሪፕቱ ተሸለመ። በ2022 ለአራት ኦስካር ታጭቶ የዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማቱን ወሰደ። ለምርጥ ፊልም የታጨ የመጀመሪያው የጃፓን ፊልምም እሱ ነው።

ወረቀት ያዙና ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ

አንደኛው «ማን ተናገረ»። ሁለተኛው «ማን ጠበቀ»። ሌላ ምንም አትጻፉ፤ ብዙ ከጻፋችሁ ፊልሙ ያመልጣችኋል።

ይህን መጀመሪያ የምትሞክሩት የንባብ ልምምዱ ላይ ነው። ተዋንያኑ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቴክስቱን ያነባሉ። ካፉኩ ስሜት እንዳይጨምሩ፣ ቀስ ብለው ቃሉን ብቻ እንዲያነቡ ይነግራቸዋል። አንዱ ድርሻውን ሲጨርስ ጠረጴዛውን በእጁ ኳ ያደርጋል። ለምን? ቀጣዩ ሰው ቋንቋውን ስለማያውቀው የት ላይ እንዳለቀ አያውቅማ! ያቺ ኳኳታ «ጨርሻለሁ፣ ያንተ ተራ ነው» ማለት ናት። እኔ እዚያ ጋ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ አሰብኩ። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እናቶች የሰፈር ቡና ላይ ቋንቋቸውን የማትችል ጎረቤት ስትመጣ ነገሩን በእጅ፣ በዓይን፣ በሳቅ ያስተላልፋሉ። ወሬው ይዘገያል እንጂ አይቆምም።

ልምምዱ ለተዋንያኑም ይሰለቻል፤ ቅሬታ ያነሳሉ። ሃማጉቺ ይህን አልደበቀውም፣ ጥሩም አደረገ። ሌላውን መጠበቅ አድካሚ ነው። ድካሙን ቆርጦ አውጥቶ ውጤቱን ብቻ ቢያሳየን ኖሮ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ የምትጠብቁት መናፈሻ ውስጥ የሚደረገውን ልምምድ ነው። ጃኒስ የምትባለው ተዋናይ ማንዳሪን ትናገራለች፣ ቴአትሩ ውስጥ የሌና የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ነው የምትጫወተው። ዩና ደግሞ ሶንያን ትጫወታለች፣ በኮሪያ ምልክት ቋንቋ። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አይችሉም። ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ስር፣ ለሳምንታት ያነበቡት ቃል በድንገት ነፍስ ይዘራል። ካፉኩም ያየዋል፤ እዚያ በሁለቱ መሃል አንድ ነገር እንደተፈጠረ ይናገራል። ወረቀታችሁ ላይ እዚህ ጋ ሁለቱም ስሞች ሁለቱም ቦታ ላይ ይገባሉ፤ ሁለቱም ተናግረዋል፣ ሁለቱም ጠብቀዋል። እኔ ስሞክረው ፊልሙ ውስጥ እንደዚህ እኩል የሆነ ሌላ ቦታ ብዙም አላገኘሁም።

ካሜራ ሰውን ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ኮን ኢቺካዋ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ በቀረጸበት ዘጋቢ ፊልም ላይ ማራቶኑ ሲመጣ ካሜራው አበበ ቢቂላ ፊት ላይ ይቆያል። ይቆያል ስል በእውነት ይቆያል። ላቡን፣ አተነፋፈሱን፣ ዓይኑን ታያላችሁ። አንድ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ለአንድ እንግዳ ፊት ያን ያህል ጊዜ ሲሰጥ ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ‹ድራይቭ ማይ ካር› ለዩና የሚሰጣት ጊዜም ያንን ያስታውሰኛል።

የራቱ ማዕድ ላይ ፖዝ አድርጉ

ዩን-ሱ የሚባለው ኮሪያዊ የፌስቲቫሉ ሠራተኛ ነው፤ አስተርጓሚም ነው። ካፉኩንና ሚሳኪን ቤቱ ራት ይጋብዛቸዋል። ቤት ሲገቡ ዩና እዚያ አለች። ለካ ሚስቱ ናት! ኦዲሽኑ ላይ አጠገቧ ቆሞ ሲያስተረጉም ለማንም አልተናገረም ነበር፤ በእሱ ምክንያት እንድትመረጥ አልፈለገም።

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ዩናን ብቻ ተመልከቱ። ትሰማለች፣ ግን በድምፅ አትናገርም። ዳንሰኛ ነበረች፣ ጽንስ አስወርዷት ከዚያ በኋላ ሰውነቷ እንቢ አላት። ቴአትሩ ላይ የተመዘገበችው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ታሪክ የምትናገረው ራሷ ናት። ባሏ ያስተረጉማል እንጂ ስለ እሷ አያወራም። «ስለ እነሱ ማውራት» እና «እነሱ ሲያወሩ መተርጎም» የሚለያዩት እንዲህ ነው፣ በአንድ ማዕድ ላይ ታዩታላችሁ።

በሁለተኛው ሚሳኪን ተመልከቱ። ካፉኩ አነዳዷን ያመሰግናል፤ መኪና ውስጥ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ለስላሳ ነው ይላል። ሚሳኪ አትመልስም። ከወንበሯ ትወርድና ወለሉ ላይ ያለውን ውሻ ማሻሸት ትጀምራለች። በቃ። ሙገሳ ለምዶት የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ በትክክል ያሳየኝ ፊልም የለም።

ሚሳኪ ጃፓናዊት ናት፣ ስለዚህ «ብዝኀነት» ሲባል ማንም አይቆጥራትም። እኔ ግን እቆጥራታለሁ። ከሆካይዶ ገጠር የመጣች፣ እናቷን በናዳ ያጣች፣ ሂሮሺማ ደርሳ የቆሻሻ መኪና የነዳች ልጅ ናት። የተማሩ የከተማ ሰዎች ስለ ቼኾቭ ሲያወሩ እሷ ውጭ መኪና ውስጥ ትጠብቃለች። «ማን ጠበቀ» የሚለው ዓምድ ላይ በብዛት የሚገባው የእሷ ስም ነው። ለውጡን ለመከታተል አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ ካፉኩ የት እንደሚቀመጥ እዩ። መጀመሪያ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ አለቃ። በኋላ ወደ ፊት ወንበር ይመጣል፣ አጠገቧ። አንድ ምሽት ላይ ሁለቱም ሲጋራቸውን በጣሪያው መስኮት በኩል ወደ ላይ ይይዛሉ፤ ከላይ ሁለት እጅ ብቻ ይታያል።

የመጨረሻው መድረክ

ቫኒያን ሊጫወት የነበረው ተዋናይ ይታሰርና ካፉኩ ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል። የቴአትሩ የመጨረሻ ንግግር የሶንያ ነው፤ እንኖራለን፣ እንታገሳለን፣ በኋላ እናርፋለን የምትለው። ቼኾቭን ካላነበባችሁት ቢያንስ ይህን የአራተኛ ገቢር መጨረሻ ቀድማችሁ አንብቡ። ቃሉን ካወቃችሁት ዓይናችሁን ከሰብታይትሉ ማንሳት ትችላላችሁ።

ዩና ከካፉኩ ኋላ ትቆማለች። በሁለት እጆቿ ከኋላው አቅፋው ምልክቶቹን በእሱ ፊት ለፊት፣ ደረቱ ላይ ትሠራለች። እጆቿ የእሷ ናቸው፣ ግን ከእሱ ሰውነት የወጡ ይመስላል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የሚሰማው እጅ ከእጅ ሲነካካ፣ ልብስ ሲንቀሳቀስ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ብቻዬን ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ግን በምልክት ቋንቋ ከምትግባባ ጎረቤቴ ጋር አየሁት። ምልክት ቋንቋ በየአገሩ ስለሚለያይ የኮሪያውን እሷ አታውቀውም። ግን አንድ ነገር አስተዋለች፣ በስልኳ ጽፋም አሳየችኝ፦ «ካሜራው እጇን አልቆረጠም»። እኔ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምልክት ቋንቋ ያለበት ፊልም ሳይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እጁን ቆርጦ ፊትን ብቻ የሚያሳይ ካሜራ የሰውየውን ንግግር መሃል ላይ ዘግቶታል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የጃፓን፣ የኮሪያና የታይዋን ምልክት ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። ጃፓን ታይዋንን ከ1895፣ ኮሪያን ከ1910 ጀምራ እስከ 1945 ስትገዛ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች በኩል የጃፓኑ ምልክት ሄደ። ፊልሙ ይህን አያነሳም። ግን አንዲት ኮሪያዊት በዚያ ቋንቋ ጃፓን መድረክ ላይ የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገርም ያያል።

ከወደዳችሁት በኋላ ጥያቄ አንሱ

የወደድነውን ፊልም መጠየቅ ይከብዳል። እኔ ሦስት ነገር አለኝ።

የመጀመሪያው ማን ተጫወተው የሚለው ነው። ዩናን የምትጫወተው ፓርክ ዩሪም ሰሚና ተናጋሪ ናት፤ ምልክት ቋንቋውን ለፊልሙ ነው የተማረችው። በጣም ጎበዝ ናት፣ አልክድም። ያው የኦስካር ምሽት ምርጥ ፊልም የተባለው ‹ኮዳ› ደግሞ መስማት የተሳናቸውን ገጸ ባሕርያት መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን ሰጥቶ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ትሮይ ኮትሰርም በዚያው ፊልም ተሸልሟል። ሁለቱን በተከታታይ ብታዩ ጥሩ ነው። በእኔ ግምት ‹ድራይቭ ማይ ካር› ምልክት ቋንቋውን የበለጠ አክብሮታል፣ ‹ኮዳ› ደግሞ ሰዎቹን። ሁለቱንም ባንድ ላይ መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም። «በቋንቋው የኖረ ሰው ለምን አልተጫወተውም?» ብሎ ማለት ፊልሙን ማንቋሸሽ አይሆንም።

ሁለተኛው ማን የለም የሚለው ነው፤ ይህ በጣም ይቆረቁረኛል። ሚሳኪ ካፉኩን ወደ ከተማዋ ቆሻሻ ማቃጠያ ትወስደዋለች። ሕንፃው ከሰላም መታሰቢያው መናፈሻ ወደ ባሕሩ የሚሄደውን መስመር እንዳይዘጋ ተደርጎ እንደተሠራ ትነግረዋለች። ውብ ትእይንት ነው። ግን በዚያ መናፈሻ ውስጥ በአቶሚክ ቦምቡ ለሞቱ ኮሪያውያን የቆመ ሐውልት አለ። በ1970 ሲሠራ ከመናፈሻው ውጭ ነበር የቆመው፤ ወደ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ለ29 ዓመት ውጭ! ፊልሙ ውስጥ ያሉት ኮሪያውያን በቅርብ ከኮሪያ የመጡ ናቸው። ጃፓን ተወልደው፣ ጃፓንኛ አፍ ፈተው፣ ለትውልዶች እዚያው የኖሩት ኮሪያውያን፣ ዛይኒቺ የሚባሉት፣ የሉም። እንግዳን መቀበል ቤት ውስጥ ያለውን ጎረቤት ከማየት ይቀላል። ይህ ለጃፓን ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ስለ ሴቶቹ ነው። ኦቶ ሞታ ድምፅዋ ይቀራል፤ ካፉኩ መኪና ውስጥ ካሴቷን ይሰማል። ካሴቱ ላይ የቴአትሩን ቃል አንብባ የቫኒያን ቦታ ባዶ ትታለታለች፣ እሱ እንዲሞላው። ፊልሙን ሙሉ ትናገራለች፣ ግን የራሷን ነገር አትናገርም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ካፉኩ ሚስቱን አለመስማቱ ነውና ታሪኩ። ቢሆንም ኦቶም፣ ሚሳኪም፣ ዩናም በመጨረሻ የአንድ ወንድ ኀዘን እንዲቀል የሚያግዙ ሆነው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ወረቀታችሁን ገልብጣችሁ ይህን ጻፉ፦ «ካፉኩ ባይኖር ይህች ሴት ምን ታደርግ ነበር?» ለሚሳኪ መልስ ታገኛላችሁ። ለኦቶ ይቸግራል።

ሌሎች ፊልሞች ላይም ሞክሩት

ዛይኒቺዎቹን ለማየት የኢሳኦ ዩኪሳዳን ‹ጎ› (2001) ፈልጉ። ስለ አይኑዎች፣ የሰሜን ጃፓን ነባር ሕዝብ፣ የታኬሺ ፉኩናጋን ‹አይኑ ሞሲር› (2020) እዩ፤ ዋናው ልጅ ራሱ አይኑ ነው። ጃፓን አይኑዎችን ነባር ሕዝብ ብላ በሕግ የጻፈችው በ2019 ነው፣ ፊልሙ አንድ ዓመት ብቻ ተከትሎ ነው የመጣው። ቶኪዮ አጠገብ ባለችው ሳይታማ ውስጥ ጥገኝነት ስለሚጠይቁ ኩርዶች ደግሞ የኤማ ካዋዋዳ ‹ማይ ስሞል ላንድ› (2022) አለ። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲያይ ጉሮሮው መታነቁ አይቀርም።

በቡድን ካያችሁ ውይይቱን ከመጀመራችሁ በፊት ለሁሉም አምስት ደቂቃ ዝምታ ስጡ። መጀመሪያ የሚናገረውም ሁሌ የሚናገረው ሰው እንዳይሆን አድርጉ። እኛ ጋ ጠረጴዛውን ኳ ማድረግን ወስደናል። ሰው ሳይጨርስ አንገባበትም።

እና ክሬዲቱ እስኪመጣ ድረስ አትነሱ። ቴአትሩ አልቆ ፊልሙ አላለቀም። የመጨረሻው ትእይንት ኮሪያ ነው። ሚሳኪ ማስክ አድርጋ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ትገዛለች፣ ከዚያ ቀይዋ ሳአብ ጋ ትሄዳለች፤ ውስጥ ውሻ አለ። እንዴት እዚያ እንደደረሰች፣ መኪናዋ እንዴት የእሷ እንደሆነች ማንም አይነግረንም። ሾፌሯ አሁን ለራሷ ትነዳለች። በዚያ አገር እንግዳዋ ደግሞ እሷ ናት። ማስኩን አውልቃ መንገዱን ትመለከታለች። ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ፊቷን እዩት።